የአየለች ፈትል ለምን ይበጠስ ነበር

አክስቴ ሲስተር ታደለች ጡረታ በወጣች ማግስት ነጭ ጋዋኗን አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ምሳ ደረሰ፤ አልተነሳችም። ምሳዋን እዚያው አመጣንላት። ጋዋኑ ደርቆ በነፋስ መወዛወዝ ሲጀምር እናቴ ብቅ አለችና፣

«ታዴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

«አላመመኝም፤ ደክሞኛል።»

«ከምን? ዛሬ ምን ሠራሽና?»

«የዛሬ አይደለም» አለችና እግሯን በርጩማው ላይ አመቻቸች።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። የአማርኛ መምህራችን ባለፈው ሴሚስተር ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብሎ ካነበበው ወዲህ መጻፍ አላቆምኩም። አርባ ምንጭ ስላለው ሰፈራችን፣ ስለ ሲቀላ ባጃጆች ጽፌያለሁ። ስለ ጎረቤታችን ሙዝ ጽፌ ጎረቤታችን ተቀይሞኛል። እና አክስቴን እንዲያ ተዘርግታ ሳያት፣ «የሥራ ዘመንሽን ልጻፍልሽ» አልኳት።

«ምን ተብሎ ይጻፋል? ጠዋት ገባሁ፣ ማታ ወጣሁ።»

«መሃሉን ንገሪኛ።»

«መሃሉማ ሰው ነው» አለች። ዓይኗን ጨፈነች። እንቢ ያለችኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያሰበች ነው።

በአንድ ቀን አልጨረሰችልኝም። አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ አልቀሰቅሳትም፤ የጻፍኩትን እያነበብኩ እጠብቃታለሁ፤ እውነት ለመናገር የጻፍኩትን ማንበብ በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን መጀመሪያውኑ አስጠንቅቃኛለች፤ «የሆስፒታሉን ስም አትጻፊ። የዶክተሩንና የታካሚዎቹን ስም ቀይሪ። የእኔን ግን እንዳለ ተዪው።» እንዳለችኝ አድርጌያለሁ።

የመጀመሪያ ምደባዋ ደጋ ላይ፣ ከጨንቻ ወዲያ ያለ ጤና ጣቢያ ነበር። ሲቀላ ተወልዳ ሙቀት የለመደች ልጅ ጭጋግ ውስጥ ጣሏት። ሁለት ሹራብ ደርባ ነበር መርፌ የምትወጋው። «ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን አትጻፊው፣ የሁሉም ሰው ደመወዝ ትንሽ ነው» አለችኝ። ጻፍኩት።

እዚያ ያገኘቻቸው አለቃ ጋሽ ቦጋለ ይባሉ ነበር። ድሬሰር ነበሩ፤ ድሮ ቁስል ከማጠብ እስከ ማዋለድ ሁሉንም የሚሠራ የጤና ሠራተኛ እንዲያ ይባል ነበር። አጭር፣ ዝምተኛ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ፊቱን በመዳፋቸው በኩል አዙረው የሚያስሩ ሰው። በሽተኛ ሲገባ ከወንበራቸው ይነሳሉ፤ እጁን ይጨብጣሉ፤ ከዚያ አይለቁትም። እጁን እንደያዙ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ ይጠይቁታል።

«የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ ትሕትና ነው ብዬ ነበር» አለች አክስቴ። «አንድ ሳምንት ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ መድኃኒት ተሰጥቷት ከወጣች በኋላ ጠየቁኝ።»

«እጇ እንዴት ነው?»

«እጇ ደህና ነው ጋሼ፤ ያመማት ሆዷን ነው።»

«ስለ ሆዷ አልጠየቅሁሽም። ሂጂ፣ ተከተያትና ጨብጪያት።»

አክስቴ ሮጣ ሴትዮዋን በሩ ጋ ደረሰችባት። ሴትዮዋ በጋሞኛ «አሁን ተሰነባብተን የለም እንዴ?» ብላ ሳቀችባት፤ ግን እጇን ሰጠቻት። በዚያ ብርድ መዳፏ ይሞቃል፤ ከሞቀ ውኃ የወጣ ይመስል እርጥብ ነው። ጣቶቿ አክስቴ እጅ ውስጥ እንደተያዘች ጫጩት ይርበተበታሉ። ተመልሳ ያየችውን ስትነግራቸው ጋሽ ቦጋለ ካርዱን ከፈቱ፤ እስከዚያ ድረስ አልከፈቱትም ነበር።

ያኔ ነው ነገሩን ያስረዷት። ጉሮሮ ሥር አንዲት እጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። እኛ እንቅርት የምንለው እሷ ስታብጥ ነው። ሥራዋ ለሰውነት ፍጥነቱን መስጠት ነው። ከልክ በላይ ከሠራች ልብ ይጋልባል፣ እጅ ይሞቃል፣ ሰው እየበላ ይከሳል። ሥራዋን ካሳነሰች ደግሞ ልብ ይጎተታል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ሳይበላ ያብጣል። ጤነኛ ልብ ሁለቱንም ለጊዜው ይችላቸዋል። ቀድሞ የታመመ ልብ ግን አይችልም።

«አየሽ፣ ልቡን ብቻ ስታክሚ ትኖሪና ጥፋቱ ግን አንገቱ ላይ ሊሆን ይችላል» አሉኝ አለች።

የጋሽ ቦጋለ ልማድ ብዙ ነው። አክስቴ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ፤ እኔ ያስገረሙኝን ብቻ ልጻፍ። የልብ ምት ሲቆጥሩ ሙሉ ደቂቃ ነው፤ ሰው ቢጮህ፣ በር ቢንኳኳ ሙሉ ደቂቃ። «አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥረሽ በአራት ካባዛሽው ስሕተቱንም አብረሽ ታባዢዋለሽ» ይሏት ነበር። ከዚያ በሽተኛውን እጁን ወደ ፊት ያስዘረጉና ከድሮ መዝገብ የተቀደደ ወረቀት ጣቶቹ ላይ ያስቀምጣሉ። ጣት መንቀጥቀጡ ለዓይን ባይታይ እንኳ ወረቀቱ ይናገራል። በመጨረሻ ሻርፕ ያስወልቁና በጣሳ ውኃ ይሰጣሉ፤ ሰውዬው ሲውጥ አንገቱን ያያሉ፤ ያበጠች እጢ ከጉሮሮ ጋር አብራ ከፍ ዝቅ ትላለችና።

ሻርፕ ማስወለቁ ከሁሉም ይከብድ ነበር አለች። በደጋው እንቅርት የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር። ሴቶቹ በጨሌ፣ በሻርፕ፣ በነጠላ ጫፍ ይሸፍኑታል። ከመብዛቱ የተነሳ ሰዉም እንደ በሽታ አይቆጥረውም። አክስቴ አንዱን እንቅርት እንዳላየች ስታልፈው ጋሽ ቦጋለ ተቆጥተው ያውቃሉ፤ «አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ። ስለለመድሽው አታዪውም። እንግዳ ሰው ካንቺ የተሻለ ያያል» አሏት።

ከዚያ አባያ ሐይቅ ዳር ወዳለ ክሊኒክ ተዛወረች። ስለዚያ ሦስት ዓመት የነገረችኝ «ትንኝ» ብላ ብቻ ነው። ቀጥሎ ከተማ፣ ሆስፒታል። የመጀመሪያው አለቃዋ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ በሽተኛው ባይድንም ሪፖርቱ በሰዓቱ ከደረሰ ቅር አይለውም። «ይሄን ጻፊው፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል» አለችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

በኋላ የልብ ክትትል ክፍል መደቧት፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ቀረች። እዚያ ሥራዋ ሁለት ነበር። አንዱ የነርስ ሥራ ነው፤ ግፊት መለካት፣ ምት መቁጠር፣ ካርድ ማዘጋጀት። ሁለተኛው በወረቀት ላይ የለም። ዶክተሮቹ ብዙ ጊዜ ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ጋሞኛ አይችሉም። ከደጋ የሚወርዱት ታካሚዎች ደግሞ አማርኛቸው ገበያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ አክስቴ በሁለቱ መሃል ቆማ ትተረጉማለች። ቀኑን ሙሉ። ማታ ቤት ስትገባ በየትኛው ቋንቋ እንደምታዋራን እስክትመርጥ ትንሽ ጊዜ ይወስድባት እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ።

አንድ መልካም ታሪክ ልጨምር፤ አክስቴ ራሷ «መጀመሪያ ደህናውን ጻፊ» ብላኛለች። አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ልባቸው ደክሟል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታከማሉ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ይመጣሉ። እግራቸው አብጧል፤ ንግግራቸው ጎታታ ነው። አንድ ቀን አክስቴ እጃቸውን ጨበጠች፤ እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል ቀዝቃዛና ሻካራ ሆነባት። ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፤ ምታቸው ሃምሳም አልሞላም። በዚያን ጊዜ የነበረችውን ዶክተር «ታይሮይዳቸውን ብናየውስ?» አለቻት። ደማቸው ተላከ። እጢዋ ሥራዋን ልትተው ምንም አልቀራትም።

መድኃኒቱ ክኒን ነው፤ ግን የታመመ ልብ ላለው ሰው ሙሉውን በአንዴ አይሰጥም። ሲጎተት የኖረን ልብ ድንገት ሩጥ ብትለው እዚያው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ዶክተሯ ሩብ ክኒን አዘዘች። አክስቴ ክኒኑን ንጹሕ ሳህን ላይ አድርጋ በአዲስ ምላጭ አራት ቦታ ትከፍለዋለች፤ ትንፋሿን ይዛ፣ ፍርፋሪው እንዳይባክን። መምህሩ ሩቡን መዳፋቸው ላይ አይተው ተናደዱ።

«ይሄ ለሕፃን ነው! ሙሉውን ስጡኝ።»

«መምህር፣ አንደኛ ክፍልን ሳያስተምሩ አሥራ ሁለተኛ የፈተኑት ልጅ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ይዋጡ።»

ዋጡ። ሩቡ ግማሽ ሆነ፤ ግማሹ ሙሉ ሆነ። ከወራት በኋላ ካፖርቱን ጥለው በሸሚዝ መጡ። የፊታቸው እብጠት ጎድሎ የራሳቸውን መልክ ሲይዙ አክስቴ አላወቀቻቸውም ነበር። «እኔ ነኝ እንጂ! እኔ!» እያሉ ካርዳቸውን አሳዩዋት።

ይህን የነገረችኝ ዕለት አክስቴ ሻይዋን ጨርሳ ጠጣች። በማግስቱ ግን «ዛሬ አልናገርም» አለች። በሳልስቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ስለ ኮሮና ጀመረች።

ኮሮና ሲመጣ መጨባበጥ ቀረ። ልክ ነው፤ መቅረት ነበረበት። ጓንት መጣ፣ ጭምብል መጣ፣ ታካሚ ከበር ላይ ሆኖ ይጠየቅ ጀመር። «ኮሮናው ሄደ፤ ጓንቱ ቀረ» አለች አክስቴ። ሰዉ በዝቷል። ኮሪደሩ ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። ሰላምታ ጊዜ ይወስዳል፤ ውኃ ማጠጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ሻርፕ ማስወለቅማ ልመና ነው። የጣት ጫፍ ላይ የሚሰካው ማሽን ምቱን በቁጥር ያወጣልሻል። አንድ በአንድ ሁሉንም ተወቻቸው። አንድ ቀን ወስና አይደለም። እየደከማት።

አየለች የመጣችው በዚያን ጊዜ ነው። ከኦቾሎ፣ ከአባያ በላይ ዳገት ላይ ካለች መንደር። ጥጥ ፈታይ ናት፤ ባሏ አቶ መስቀሌ ሸማኔ ነው፤ እሷ የፈተለችውን እሱ ይሸምነዋል። ትንፋሿ ያጥራል፣ እግሯ ያብጣል፣ ልቧ በፍጥነት ይመታል፤ ምቱም ዜማ የለውም። የልብ ድካም ተባለች፤ መድኃኒት ተሰጣት። በወሩ መጣች፤ አልተሻላትም። ተጨመረላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ይበልጥ ከስታለች። አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ቢጫ ሻርፕ ጠምጥማለች። አክስቴ ያን ሻርፕ ሦስቴ አይታዋለች፤ ቀለሙን ዛሬም ታስታውሰዋለች።

ወጣቱ ዶክተር ስሙን ናትናኤል ልበለው። ጎበዝ ነው፤ ለሥራው ይቸኩላል፤ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ካርዱን አገላበጠና አክስቴን በአማርኛ፣

«ሲስተር፣ መድኃኒቱን እየወሰደች አይመስለኝም» አላት። «ብትወስድ ኖሮ ምቱ እንዲህ አይሆንም። ጠይቂልኝ።»

አክስቴ መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም፤ ተቆጣች። በጋሞኛ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ ድረስ፤

«አየለች፣ እኛ እዚህ የምንለፋው ለማን ነው? መድኃኒቱን አትውጪም! ቤት ወስደሽ የምታስቀምጪው ለጌጥ ነው?»

«እውጣለሁ ሲስተር።»

«ብትውጪ ይሻልሽ ነበር።»

«እውጣለሁ። በወንጌል።»

«ወንጌልን ተዪው፣ ክኒኑን ዋጪ!»

አየለች አንገቷን ደፋች። ያኔ አቶ መስቀሌ ከግድግዳው ጥግ ተነሥቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተናገረ። አክስቴ ቃል በቃል ነገረችኝ፤ እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት።

«ሲስተር፣ እሷ ትውጣለች። ግን አንድ ነገር አለ። ፈትሏ ይበጠሳል። ሃያ ዓመት ስትፈትልልኝ አንድ ቀን ክሯ ወፍሮ ቀጥኖ አያውቅም። አሁን አንዱ ቦታ እንደ ገመድ፣ አንዱ ቦታ እንደ ሸረሪት ድር ነው። እንዝርቱን ስትይዝ እጇ አይረጋም። በብርዱም ጋቢ አልለብስም፣ ይሞቀኛል ትላለች። ይህ የልብ ነው ወይ?»

ዶክተሩ ቀና አለ። «ምን አሉ?»

አክስቴ በሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው አየች። ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ገና ብዙ ካርድ አለ።

«ስለ ሥራቸው ነው የሚያወሩት» አለችው።

ዶክተሩ አንገቱን ነቀነቀና የመድኃኒቱን መጠን ጨመረ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። አክስቴ ግን አላቆመችም።

«ባልየው ምርመራውን ጨርሶት ነበር» አለችኝ። «ጋሽ ቦጋለ በወረቀት የሚያዩትን እሱ በክር አይቶታል። ከዚያ በላይ ምን ይንገረኝ? እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ፈትል የሚበጠሰው መቼ እንደሆነ እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?»

ከአንድ ወር በላይ አለፈ። አየለችን በቃሬዛ አመጧት። ዜማ አጥቶ በሚመታ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዷል። ስትሮክ። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ቀኝ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ አልጋው ላይ ወድቋል። ዶክተር ናትናኤል መተንፈሻዋን ሊያመቻች ቢጫውን ሻርፕ ፈታው። ከሥሩ እጢዋ አብጣ ቁጭ ብላለች፤ በጣም ትልቅ አይደለችም፤ ውኃ ብትጠጣ ግን ከሩቅ ትታይ ነበር።

«ይሄን ማንም አላየውም?» አለ ዶክተሩ። ራሱን ነበር የሚጠይቀው። አክስቴ አጠገቡ ቆማ ሻርፑን አጣጠፈች።

የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ለዚያ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር አልቆበት ስለነበር ደሙ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ እጢዋ ከልክ በላይ እየሠራች ነበር። የታይሮይዱን መድኃኒት ጀመረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አክስቴ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ። በወራት ውስጥ ልቧ ረጋ። የእግሯ እብጠት ጎደለ። ትንፋሿ ተመለሰ። ሥጋ ለበሰች። ለወራት ያልታዘዘ ልብ፣ እጢዋ ስትታከም ታዘዘ። ንግግሯም እየተጎተተ መጣ። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም።

አክስቴ ጓንቱን አውልቃ ጣለች። መጨበጥ ጀመረች፤ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር፣ ጣሳ፣ ወረቀት፣ ሁሉንም። ዶክተር ናትናኤልም ምቱ የተዛባ የልብ ታካሚ ሲያገኝ ታይሮይዱን ሳያይ አያልፍም ነበር። አዲስ ነርሶች ሲመጡ ወደ እሷ ይልካቸዋል፤ «ሲስተር ታደለች እጅ መጨበጥ ታስተምራችኋለች» ይላቸዋል። እነሱ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም።

«ለእነ አየለች ነግረሻቸዋል?» አልኳት። «አለመተርጎምሽን?»

«ለክትትል በመጡ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ከዚያ ሰው ይበዛል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። የምር ተኝታ እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ የክፍሌ በር ላይ ቆመች። «ጫማሽን አድርጊ። ደብተሩን ተዪው» አለችኝ።

ከሲቀላ መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ኦቾሎ ሄድን፤ ከዚያ ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። አክስቴ በየሃያ እርምጃው ትቆማለች። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ አባያ ከታች ቀላ ብሎ ተንጣሏል፤ ከየግቢው የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ። ከዚያ ለምን እንደምንሄድ ትዝ ይለኝና እርምጃዬን ከአክስቴ እርምጃ ጋር አስተካክላለሁ።

አቶ መስቀሌ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ጋቢ እየሸመነ አገኘነው። ከበስተኋላው የፋብሪካ ክር በካርቶን ተቀምጧል። ሲያየን ሳቀ።

«ሲስተር! ጡረታ ወጣች ሲሉ ሰማን። እንግዲህ ማን ይቆጣን?»

«መቆጣት እኔም ደክሞኛል» አለች።

አየለች ከውስጥ ወጣች። ሻርፕ የላትም፤ አንገቷ ባዶ ነው። ግራ እጇን ዘረጋች። አክስቴ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ብዙ ቆየች። ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በዝግታ ለቀቀችው፣ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

የተቀቀለ ድንች በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበ። አቶ መስቀሌ ጸለየ። አክስቴ አንድ ድንች ይዛ ሳትልጠው ቆየች፤ ከዚያ በጋሞኛ ተናገረች። አላስረዘመችውም።

«መስቀሌ፣ ያኔ ስለ ፈትሉ የነገርከኝን ለዶክተሩ አላስተላለፍኩለትም። ምን አሉ ሲለኝ፣ ስለ ሥራቸው ነው አልኩት። ቸኩዬ ነው። እሱ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቀድመን እንደርስባት ነበር።»

አቶ መስቀሌ የያዘውን ድንች መለሰ። ጎረቤት ያለው መወርወሪያ ብቻ ይሰማል።

«አልነገርሽውም?» አለ አቶ መስቀሌ።

«አልነገርኩትም።»

«እኔ ሰምቶ የናቀኝ መስሎኝ ነበር።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ያን ልጅ፣ ዶክተሩን፣ እስከ ዛሬ ተቀይሜው ነበር። በመጣን ቁጥር ሰላም ሲለኝ አፌ ይመልሳል፣ ሆዴ ግን አይመልስም። እሱ አልሰማም፤ ለካ አልሰማም።»

«አልሰማም።»

አክስቴን ይቆጣታል ብዬ ፈራሁ። አልተቆጣም፤ ይቅርም አላለም። ተነሥቶ ወደ ሽመናው ሄደና ሳይቀመጥ ክሩን ይነካካ ጀመር።

አየለች ይህን ሁሉ ሰምታለች። እየከበዳት፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳች፣ «የቀትሩ… ክኒን… ሰዓቱ ደረሰ» አለች። ከመደርደሪያው ከረጢቷን አወረደች። በዚያው ቅጽበት አንዲት ጎረቤት አጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አየለች! መጣሁ፣ ልይልሽ?» ብላ ጮኸች።

አቶ መስቀሌ ሳይዞር፣ «ዛሬ ግድ የለም! ሲስተር ራሷ አለች!» ብሎ መለሰላት።

አክስቴ ግራ ገባት። «ምኑን ነው የምታይላት?»

«ስትውጥ» አለ። «ያኔ ከተቆጣሻት ቀን ጀምሮ ያለ ምስክር ክኒን አትውጥም። ‹አንተ ባሌ ስለሆንክ ለእኔ ብለህ ትዋሻለህ፣ ሲስተር አታምንህም› አለችኝ። ስለዚህ ጎረቤት ትጠራለች። ከመውደቋ በፊትም፣ ከወደቀች በኋላም። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።»

አየለች በግራ እጇ ክኒኑን ምላሷ ላይ አደረገች። ውኃ ጠጣች። ዋጠች። ከዚያ አክስቴ ፊት መጥታ ቆመችና አፏን በሰፊው ከፈተች፤ ምላሷንም ወደ ላይ አነሳች። ጠበቀች። በተጣመመው ከንፈሯ ጥግ ውኃ ይንጠባጠባል፤ አፏን ግን አልዘጋችም።

አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«አየሁ» አለቻት። «አየለች፣ አየሁ። ያኔም ትውጪ ነበር።»

አየለች አፏን ዘጋች።